ሁለቱንም አውልቅ

ድሬሰር ጂግሶ ማረፋቸውን የእድራችን ለፋፊ በማለዳ ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የግራ እግሬን ገልብጬ ማየት ነው። ልጆቼ፣ አባታችን በድንጋጤ አእምሮው ተናወጠ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። አእምሮዬ ደህና ነበር። ሰው ሲሞትበት ደረቱን የሚደቃ አለ፣ ፊቱን የሚነጭ አለ። እኔ እሳቸውን የማስታውሳቸው በተረከዜ ነው።

እኔ ወልዴ ጫማ ሰፊው ነኝ። ዲላ ውስጥ ይህን ስም የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ጫማ መስፋት ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ የወታደር ቡት ፈትቼ፣ መልሼ ስገጥመው ከፋብሪካው የተሻለ ሆነ። ፊደልም ማንም አላስቆጠረኝም። ቅርጹ እንዳይበላሽ ጫማ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ጋዜጣ እያወጣሁ በራሴ ነው ማንበብ የለመድኩት። በዚህ የተነሳ የብዙ ወሬ መጨረሻ አላውቅም፤ የቀረው በሌላው እግር ውስጥ ነበር። ግን ይህ ጽሑፍ ስለ እኔ አይደለም።

ድሬሰር ጂግሶ ከወናጎ በላይ ካለው ተራራ የወጡ የጌዴኦ ልጅ ነበሩ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ሠልጥነው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ዲላ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። አጭርና ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸው ጉልበታቸውን አልፎ ይወርዳል፤ ኪሱ ውስጥ ክብ መስታወትና የሚያጎላ መነጽር ነበር። ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ እግሩን ያያሉ፣ ከዚያ ጉልበቱን፤ ፊቱ ላይ የሚደርሱት መጨረሻ ነው። አንዳንዱንማ ፊቱ ላይ ሳይደርሱ ያልፉታል።

ይህ አመል የተጀመረው ከአዲስ አበባ አንድ ረጅም የውጭ አገር ሐኪም ለጥናት ከመጡ በኋላ ነው። ዶክተሩ በጤና ጣቢያው ግቢ ሕዝብ ሰብስበው ሲናገሩ ድሬሰር ጂግሶ አስተረጎሙ። ሜላኖማ የሚባል ክፉ የቆዳ ካንሰር አለ፤ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይጀምራል። ፈረንጆችን ፊታቸውና ጀርባቸው ላይ ይይዛቸዋል፤ የእኛን አገር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ውስጥ እግሩ ላይ። ለምን? በባዶ እግር ስለምንሄድ፣ እሾኽና ጠጠር ስለሚወጋን ይሆን ወይ? ይህን ለማወቅ የባዶ እግረኛውንም የባለጫማውንም ውስጥ እግር አይቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዶክተሩ ይህን ተናግረው በላንድሮቨራቸው ተመለሱ። የዲላ እግር ሁሉ ለድሬሰር ጂግሶ ቀረ።

በገበያ ቀን ወርደው ከሴቶቹ ፊት ይንበረከካሉ።

«እስቲ አንሺ፣ እህቴ።»

«ምኑን?»

«እግርሽን።»

«ሰው በሞላበት?»

«ሰዉ ፊትሽን ነው የሚያየው። እግርሽን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።»

አንዱን አንስታ ስትመልስ «ሁለቱንም!» ይላሉ። «እግዚአብሔር ሁለት የሰጠሽ አንዱን እንድትደብቂብኝ ነው?»

ሰው ነገሩን በራሱ መንገድ ተረጎመው። መዳፍ አይቶ የሚጠነቁል እንዳለ ሁሉ ይሄኛው በእግር ይጠነቁላል ተባለ። አንዲት የጪጩ ባልቴት እግሯን ራሷ አንስታ፣ «ልጄ የመሬት ክርክር አለበት፤ ይረታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው በመነጽራቸው አይተው፣ «ይሄ ተረከዝ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ተሰነጣጥቋል። ታጠቢና ቅቤ ቀቢው፣ ደህና ይሆናል» አሏት። ልጇ ረታ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጤና ጣቢያው በር እስከ ሞያሌው መንገድ ድረስ ሰልፍ ሆነ፤ ሁሉም ባለ ክርክር።

«ጋሼ ጂግሶ፣ ጠንቋይ አደረጉዎት እኮ» አልኳቸው።

«ይበሉኝ። ብቻ እግር ያንሱልኝ።»

ያ ሁሉ እግር ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከሴቶቹ የብዙዎቹ አንድ ተረከዝ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ድሬሰር ጂግሶ እየሮጡ ሱቄ መጡ። «ወልዴ፣ ወረርሽኝ ነው!» ለዶክተሩ ቴሌግራም አደረጉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው ማርታ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች። የእንሰት አፋፋቅ ያየ ያውቃል፤ ሴትየዋ ቅርፊቱን ጣውላ ላይ አጋድማ በተረከዟ ትይዘዋለች። ተረከዟ ከሰል ሆኗል።

«ማርታ! አንቺም?» ብለው እዚያው ቁጭ አሉ።

«ምን ሆንክ?»

«ተረከዝሽ!»

«የእንሰት ውሃ ነው እንጂ! የእናትህ ተረከዝ ምን ዓይነት ነበር?»

«ጥቁር።»

«በምን ሞተች?»

«አልሞተችም።»

«አዎ፣ ጠዋት ጎመን አምጥታልህ ሄዳለች።»

በእንሰት ያደገ ሰው በእንሰት ተታለለ። ዶክተሩ ቴሌግራሙ ደርሷቸው፣ ያን ሁሉ አቧራ ጠጥተው ሲገቡ ማርታ ቆጮ በጎመን አቀረበችላቸው። ድሬሰር ጂግሶ ቆመው፣ «ዶክተር፣ ወረርሽኙ ይሄ ነው። ይብሉት» አሏቸው። ዶክተሩ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው፣ ደግመው እንዳስጨመሩ ድሬሰር ጂግሶ በባለቤታቸው ፊት ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድሬሰር ጂግሶ የእንሰቱን እድፍ የሚፈትጉበት ብሩሽና ሎሚ ሳይዙ ገበያ ወርደው አያውቁም።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ባዶ እግር ሞልቶኛል፤ የቸገረኝ ባለጫማ ነው።»

ልክ ነበሩ። የዲላ ባለጫማ በዚያ ጊዜ ዳኛው፣ የቡና ነጋዴው፣ የጽሕፈት ቤት ሹሙ ነው፤ ማን ነው ለድሬሰር ውስጥ እግሩን የሚገለብጥ? በከተማው አንድ ፊታውራሪ ነበሩ፤ ደንበኛዬ ናቸው። ድሬሰር ጂግሶ በትሕትና ሲጠይቋቸው፣ «የእኔን ውስጥ እግር የሚያየው ገናዤ ብቻ ነው» አሏቸው። ድሬሰር ጂግሶ ደንበኛ ጫማውን እስኪያወልቅ በሱቄ ቁጭ ብለው እንዳይጠብቁም፣ እኔ የምለካው ቀኝ እግር ብቻ ነው፤ ቀኙ ከተለካ ግራው ወንድሙ ነው። እንዲህ የሚለካ ጫማ ሰፊ ከእኔ ሌላ አላየሁም።

በነገራችን ላይ ጥናቱ ለንግዴም በጅቶኝ ነበር። በሱቄ በር ላይ በእጄ ጽፌ ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር፦ «ጥቁር ነቀርሳ ባዶ እግር ይወዳል፤ የወልዴን ጫማ ግን ይፈራል።»

ድሬሰር ጂግሶ አነበቡትና፣ «ይህን ማን አለ?» አሉኝ።

«ዶክተሩ።»

«ዶክተሩ ያሉት 'ይሆን ወይ' ነው።»

«'ይሆን ወይ' ሰሌዳው ላይ አልበቃም።»

የባለጫማውን መላ ያገኘሁላቸው ግን እኔው ነኝ። በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን ካህኑ የምእመናኑን እግር ያጥባል። ዳኛም ይሁን ፊታውራሪ የዚያን ቀን ጫማውን አውልቆ ይሰለፋል። የእኛው ካህን መምሬ ኃይሉ ወገባቸውን ይታመሙ ስለነበር ድሬሰር ጂግሶ መርፌ ይወጓቸዋል። ይዣቸው ሄድኩ።

«መምሬ፣ ውሃውን ልያዝልዎት ብዬ ነው። ብቻ እኔ የሚስዮን ሰው ነኝ» አሉ ድሬሰር ጂግሶ።

መምሬ ኃይሉ ሳቁ። «ውሃ ለመያዝ ምን ሃይማኖት ያስፈልጋል? አንተ ወገቤን ስትወጋኝ ሃይማኖቴን ጠይቀኸኛል?»

እንዲህ ሆኖ ድሬሰር ጂግሶ በጸሎተ ሐሙስ ነጠላ አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ፎጣ በአንድ እጃቸው ጆግ ይዘው ከመምሬ ኃይሉ አጠገብ ተንበረከኩ። መስታወታቸውን ፎጣው ሥር ሸሽገዋል። የባለጫማው እግር አንድ በአንድ ይመጣል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ያጥባሉ፤ ድሬሰር ጂግሶ ሊያደርቁ ያነሳሉ፤ ያነሳሉ፣ አሁንም ያነሳሉ። ዳኛው ወደ ኋላቸው ሊወድቁ ትንሽ ቀራቸው።

መምሬ ኃይሉ ዜማውን ሳያቋርጡ አጎንብሰው፣ «ዝቅ አድርገው፣ ልጄ። ጌታችን የሐዋርያቱን እግር አጠበ እንጂ ወደ ሰማይ አልሰቀለም» አሉ።

ፊታውራሪ አለፉ፤ ንጹሕ። ቀጥሎ እኔ ነበርኩ፤ የተቀመጥኩት ከፊታውራሪ ጎን ነዋ። ቀኜን ሰጠሁ። ሰው ሲነሣ አብሬ ልነሣ ስል ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ።

«ሁለቱንም።»

በግራ ተረከዜ ላይ ባቄላ የምታህል ጥቁር ነገር እንዳለች አውቅ ነበር። የጠየቀኝ ስለሌለ አልተናገርኩም። ድሬሰር ጂግሶ ጠጋ ብለው አዩት። በቅጠሉ አሹት፣ በአውራ ጣታቸው አሹት፣ መስታወቱን አወጡ።

«ወልዴ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የጫማ ቀለም ነው።»

«አይለቅም።»

«የእኔ ቀለም አይለቅም። ሰው ለምን የሚመርጠኝ ይመስልዎታል?»

«ልጆቼ፣ ሰልፉ ቆመ» አሉ መምሬ ኃይሉ።

ቅዳሴው ሲያበቃ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ከወትሮው ሌላ ሰው ሆነዋል፤ ፊቴን ነበር የሚያዩት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ነው። ማርያም የሳመችኝ ናት» አልኳቸው።

መምሬ ኃይሉ ሰምተው ኖሮ፣ «እስከ ተረከዝህ ድረስ የወረደችው ፊትህን አይታ ይሆናል» ብለው አለፉ።

ድሬሰር ጂግሶ አልሳቁም። «ስማኝ ወልዴ። ይሄ ነገር የምፈራው ከሆነ ተረከዝህ ላይ አይቆምም። ወደ ብሽሽትህ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሳንባህ። ያኔ ዶክተሩም እኔም የምናደርግልህ የለም። ዛሬ ከተቆረጠ ግን በእግርህ ትሄዳለህ።»

«ጫማ ሰፊው በባዶ እግረኛ በሽታ ተያዘ ሊባል ነው? ሰሌዳዬስ?»

«ሰሌዳው ይተርፋል። የምፈራው ለአንተ ነው።»

እምቢ አልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያለ ነው፣ አያድግም አልኩ። ከፋሲካ በኋላ ግን ሱቄ መጥተው ከመደቤ ላይ ቁራጭ ቆዳ አነሱ።

«በዚህ አገር ከአንተ የበለጠ ልከኛ እጅ ያለው ሰው የለም ይባላል» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው በዚህ ቆዳ ላይ ለዚያች ጥቁር ነገር ልክክ የሚል ቀዳዳ አውጣልኝ። ፀጉር የማትበልጥ፣ ፀጉር የማታንስ።»

አወጣሁት። ተረከዜ ላይ ስናደርገው ጥቁሯ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ቁልፍ ገጠመች። ብዙ ነገር ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሥራ ግን ሠርቼ አላውቅም። ድሬሰር ጂግሶ አደነቁና ቆዳውን እዚያው ግድግዳዬ ላይ በምስማር ሰቀሉት። «እንዳትነካው» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ተረከዜ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ፊታውራሪ ሱቄ ውስጥ ናቸው። ያዘዙት ጫማ ቀኙ አልቆ እየሞከሩት፣ ግራው ገና መደብ ላይ ነው። ድሬሰር ጂግሶ ገቡ፣ ለፊታውራሪ እጅ ነሡ፣ ቆዳውን ከምስማሩ አወረዱና እኔን «አውልቅ» አሉኝ።

ቆዳው ተረከዜ ላይ ተደረገ። ጥቁሯ ቀዳዳውን ሞልታ በአንድ ወገን ከቆዳው ሥር ወጥታለች። ሦስታችንም አየናት። ምላሴ ግን መቼም ሥራ አይፈታም።

«ቆዳው ነው። ዝናብ ሆነ፣ ጭስ ሆነ፣ ተኮማትሯል» አልኩ።

ድሬሰር ጂግሶ ቀስ ብለው ወደ ፊታውራሪ ዞሩ። «ፊታውራሪ፣ ይሄ ቁራጭና የእርስዎ ጫማ ከአንድ ቆዳ ናቸው። ወልዴ ይኮማተራል ይላል።»

ፊታውራሪ እግራቸውን አዩ። «ምን አልክ? ይሄ ይኮማተርብኛል?»

«ኧረ ፊታውራሪ...»

«በበዓል ቀን በሰው ፊት እግሬን ሊቀረጥፈኝ ነው?»

በዚያች ደቂቃ ሕይወቴን ሁሉ አየሁ። የጎረቤቱ ሱቅ ጆሮውን አቁሟል። ነገ ገበያው ሁሉ የወልዴ ቆዳ ይኮማተራል ሊል ነው። ብድግ ብዬ ፖስታ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «የእኔ ቆዳ አይኮማተርም! የእኔ ቆዳ ተኮማትሮ አያውቅም!» አልኩ።

ድሬሰር ጂግሶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያ ያደገው ምንድነው፣ ወልዴ?» አሉኝ።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ምላሴ በሕይወቴ ሥራ የፈታው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው በእውቀት ሊያሸንፉኝ አልሞከሩም፤ በራሴ ኩራት አስረው ነው የጎተቱኝ። ያን ቀዳዳ ሲያስወጡኝ ሁሉንም አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ፊታውራሪ ጣልቃ ገቡ። «ሂድና ተቆረጥ። አንተ ከሞትክ የግራ እግሬን ማን ይጨርስልኛል?»

አዲስ አበባ የሄድነው በቡና ጫኝ መኪና ነው። ድሬሰር ጂግሶ አብረውኝ ተሳፈሩ፤ እንደማመልጥ ያውቃሉ። መኪናው ላይ እንደወጣን ጫማዬን አስወልቀው እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ታቀፉት። ሻሸመኔ ላይ ሲቆም፣

«ጋሼ ጂግሶ፣ ጫማዬን።»

«ለምን?»

«ሽንቴን ልሸና።»

«በባዶ እግር አይሸናም?»

እኔ ወልዴ በባዶ እግሬ የሻሸመኔን አፈር ልረግጥ? ይዤው አዲስ አበባ ደረስኩ።

ዶክተሩ ተረከዜን ቆርጠው ከታፋዬ በተወሰደ ቆዳ ጣፉት። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ስፌቱ ላይ ግን የእኔ እጅ ቢጨመርበት ይበልጥ ያምር ነበር፤ ለዶክተሩም ነግሬያቸዋለሁ። ድሬሰር ጂግሶ ራስጌዬ ቆመው ነበር። ፈርቼ እንዳልሆነ ቢታወቅም እጄን ይዘውኛል። የተቆረጠው በመድኃኒት ጠርሙስ ተከቶ ለምርመራ ባሕር ማዶ ተላከ። ስለዚህ ከዲላ ሰው መጀመሪያ በአውሮፕላን የተሳፈረው የእኔ ተረከዝ ነው። የሚከራከር ካለ ይምጣ።

መልሱ ሲመጣ ነገሩ ያው የተፈራው ሜላኖማ ነበር፤ በጊዜ ተይዟል። ዶክተሩም ለድሬሰር ጂግሶ፣ «ይህ ሰው ሁልጊዜ ጫማ ያደርግ ከነበረ፣ ምክንያቱ ባዶ እግር ብቻ ነው ማለት አንችልም» አሏቸው። የተማሩት ሁሉ አንድ ነገር ሲያስቡ የእኔ ተረከዝ ብቻውን ቆሞ ተቃወማቸው ማለት ነው። ተመልሼ ሰሌዳዬን አወረድኩና ሌላ ጻፍኩ፦ «ባሕር ማዶ የተመረመረ ተረከዝ ባለቤት፣ ወልዴ ጫማ ሰፊ።» ድሬሰር ጂግሶ አንብበው፣ «ይሄኛው ቢያንስ እውነት ነው» አሉ።

ሁሉም እንደ እኔ አልተረፈም። ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ዘግይተው የታዩ ነበሩ። ድሬሰር ጂግሶ ከለቅሷቸው አይቀሩም ነበር። ከኋላ ይቆማሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ካለቀሱ በኋላ ደግሞ የወንድምየውንና የልጅየዋን እግር ማየት ይጀምራሉ። በዚህ የተቆጡባቸው አሉ። እሳቸው ግን «የሞተውን እግዚአብሔር አየው፤ እኔ የቆመውን ልይ» ይሉ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፣ ደግሞ ተለወጠ። ዶክተሩ አገራቸው ገቡ። ድሬሰር ጂግሶ ጡረታ ወጡ። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት ግን እኚያ የሚስዮን ሰው ጉልባን ሊበሉ ይመጣሉ ብለን ስንጠብቃቸው በቤቴ በር ላይ ይቆማሉ። ሰላምታ የለም፤ «ሁለቱንም አውልቅ» ነው። በመነጽር አይተው፣ ብሽሽቴን ዳስሰው፣ ከዚያ ብቻ ፊቴን ያያሉ። «ደህና ነህ» ይሉና ጉልባናቸውን ይበላሉ። ዓይናቸው ሲደክም ማርታ እያየች ትነግራቸው ጀመር። ያለፈው ጸሎተ ሐሙስ አልመጡም፤ አልጋ ይዘው ነበር። እኔ ልሄድላቸው ሲገባኝ በእርጅናዬ መንገዱ ራቀኝና ቀረሁ። እግሬ ሳይታይ ቀረ።

ቀብራቸው ላይ ዝናብ ነበር። የዲላ ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። በበትር እየተደገፍኩ፣ ማንከስ ሳይሆን ግርማ ባለው አካሄዴ፣ እስከ ጉድጓዱ አፍ ደረስኩ። መዘምራኑ እየዘመሩ ሣጥኑ ሊወርድ ሲል ልጄን ተደግፌ የግራ ጫማዬን አወለቅኩና ተረከዜን ወደ ሣጥኑ አነሣሁ።

«ጋሼ ጂግሶ፣ ይኸው። ንጹሕ ነው» አልኩ።

መዝሙሩ ተቆራረጠ። ሽማግሌው አበደ የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ልጄም «አባባ፣ ኧረ ሰው እያየን ነው» ይለኛል። ማርታ በሐዘን ወንበሯ ላይ ሆና ቀና አለች። አለቀሰች መሰለኝ፣ ሳቀችም መሰለኝ።

«ሁለቱንም እንጂ፣ ወልዴ» አለችኝ። «እሳቸው በአንድ እግር መቼ አምነው ያውቃሉ?»

ቀኙንም አወለቅኩ። ሣጥኑ ወርዶ፣ አፈሩ አልቆ፣ ሕዝቡ እስኪበተን ድረስ ጭቃው ውስጥ ቆየሁ። ወልዴ ጫማ ሰፊው በዲላ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሐኪሙ አዘውት።